የሜምፊስና የሼልቢ ካውንቲ የትምህርት ዲስትሪክቶች ውህደት፦ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ባጭሩ

በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ በሼልቢ ካውንቲ (ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር ክፍል ነው)፣ ሁለት የትምህርት ዲስትሪክቶች ጎን ለጎን ነበሩ። አንዱ የሜምፊስ ከተማ ዲስትሪክት ሲሆን ወደ 103,000 ተማሪዎች ነበሩት። ሌላው ከከተማዋ ውጭ ያለውን የካውንቲውን ክፍል የያዘ ሲሆን ተማሪዎቹ ወደ 47,000 ይጠጉ ነበር። በዲሴምበር 2010 ትልቁ ዲስትሪክት ቻርተሩን፣ ማለትም የተቋቋመበትን ሕጋዊ ሰነድ፣ መልሶ በትንሹ ሥር ለመግባት ወሰነ። ጁላይ 1 ቀን 2013 ሁለቱ አንድ ሆኑ። በአሜሪካ ታሪክ ከታዩት የዲስትሪክት ውህደቶች ትልቁ እንደሆነ ይነገርለታል። አንድ የትምህርት ዘመን ብቻ ቆይቶ፣ በኦገስት 2014 ስድስት የካውንቲው ከተሞች የየራሳቸውን ዲስትሪክት አቋቁመው ወጡ። ሁለት የነበረው ሰባት ሆነ።

ጉዳዩ መመዝገብ ያለበት ውህደቱን ያዘገየው የሕግ ማሻሻያ መውጫውንም በር የከፈተ በመሆኑ ነው። ሕዝቡ ድምፅ ከሰጠበት ቀን አንሥቶ ውህደቱ ሥራ ላይ እስከዋለበት ቀን 28 ወራት ገደማ አለፉ። ከድምፁ ይልቅ ውጤቱን የወሰነው በእነዚህ ወራት ውስጥ የሆነው ነገር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው፤ የግለሰቦች ስም አልተጠቀሰም።

ዲስትሪክት ሲባል

የአማርኛ አንባቢ አንድ ነገር አስቀድሞ ቢለይ ይጠቅማል። እኛ አገር የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የወረዳው አስተዳደር አንድ ክንፍ ነው። ወረዳ ሲዋሃድ አብሮ ይዋሃዳል፣ ሲከፈልም አብሮ ይከፈላል። አሜሪካ ውስጥ ግን የትምህርት ዲስትሪክት በአብዛኛው የራሱ የተመረጠ ቦርድ፣ የራሱ ሕንፃ፣ የራሱ ሠራተኛና የራሱ ዕዳ ያለው ሕጋዊ አካል ነው። አሜሪካ ያለ ወላጅ ቤት ሲገዛ ወይም ሲከራይ «ይህ ቤት በየትኛው ዲስትሪክት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ሁለት ዲስትሪክት ይዋሃድ ሲባልም የሁለት ድርጅቶች ንብረት፣ ዕዳ፣ ውልና መራጭ ወደ አንድ ይጠቃለል ማለት ነው።

የማዋሃድ ሥልጣን የግዛት እንጂ የፌዴራል አይደለም። የፌዴራል ፍርድ ቤት ጎረቤታሞች ዲስትሪክቶችን በግድ ማዋሃድ የሚችልበት በር በ1974 በእጅጉ ጠብቧል። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዲትሮይት ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ፣ የከተማ ዳርቻ ዲስትሪክቶች ራሳቸው በዘር መለያየቱ እጃቸው እንዳለበት ካልተረጋገጠ በስተቀር የከተማዋን ችግር ለመፍታት ሲባል ሊጠቃለሉ አይችሉም የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ ውህደት የሚፈልግ ሁሉ የሚሄደው ወደ ግዛቱ የሕግ መጽሐፍ ነው።

የቴነሲ ሕግ በዚያን ጊዜ ሦስት ዓይነት ዲስትሪክት ያውቅ ነበር፦ የካውንቲ፣ የከተማ እና በግዛቱ ምክር ቤት በተለየ ሕግ የተቋቋመ «ልዩ ዲስትሪክት»። ሜምፊስ በሕግ ዓይን ልዩ ዲስትሪክት ነበር። አዲስ ልዩ ዲስትሪክት እንዳይቋቋም በ1982፣ አዲስ የከተማ ዲስትሪክት እንዳይቋቋም ደግሞ በ1998 ተከልክሏል። እነዚህ ሁለት ክልከላዎች የታሪኩ ማጠንጠኛ ናቸው።

የከተማ ዲስትሪክት ራሱን ለካውንቲ ማስረከቡም በቴነሲ እንግዳ አልነበረም። ኖክስቪል በ1987፣ ቻታኑጋ ደግሞ በ1997 ወደየካውንቲያቸው ገብተዋል። በሁለቱም ካውንቲዎች ግን ሲወዛገብ የኖረው የገንዘብና የዘር ቅራኔ እንደ ሼልቢ የከረረ አልነበረም።

ችግሩ ምን ነበር

መነሻው የግብር አከፋፈል ነው። የሜምፊስ ነዋሪ የካውንቲ የንብረት ግብር ይከፍላል፤ በዚያን ጊዜ በላዩ ላይ ከተማው ለትምህርት የሚያወጣውንም ይሸፍን ነበር። ካውንቲው ለትምህርት የሚሰበስበውን ገንዘብ ለሁለቱ ዲስትሪክቶች ያካፍል የነበረው በየቀኑ በአማካይ ክፍል ውስጥ በሚገኘው ተማሪ ቁጥር ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ይበጃል። ከ150,000 ተማሪ ውስጥ 103,000 የሜምፊስ ከሆነ፣ ከአንድ የካውንቲ ዶላር 69 ሳንቲም ወደ ሜምፊስ፣ 31 ሳንቲም ወደ ካውንቲው ዲስትሪክት ይሄዳል። ስለዚህ ካውንቲው በመደበኛው መንገድ ለዳርቻዎቹ ትምህርት ቤቶች 1 ዶላር ለማድረስ 3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ገደማ መሰብሰብ ነበረበት። የዳርቻው ነዋሪ «ለእኔ ልጅ አንድ ክፍል ለመሥራት ሦስት ክፍል እከፍላለሁ» ብሎ ያማርራል። የሜምፊስ ነዋሪ ደግሞ «እኔም የካውንቲው ግብር ከፋይ ነኝ፤ የእኔ ልጅ ድርሻውን ነው የወሰደው» ይላል። ሁለቱም የሚሉት በሂሳብ ትክክል ነው፤ ጠቡ ለአሥርት ዓመታት ያልበረደውም በዚህ ምክንያት ነው። በላዩ ላይ የሜምፊስ ተማሪዎች አብዛኞቹ ጥቁሮች ሲሆኑ የዳርቻዎቹ ብዙኃን ነጮች ነበሩ። በ1973 ተማሪዎችን በአውቶቡስ የማቀላቀል ትእዛዝ ሲወጣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነጭ ተማሪዎች የከተማዋን ትምህርት ቤቶች ለቀው ነበር።

የካውንቲው ቦርድ ራሱን ወደ ልዩ ዲስትሪክት ለመለወጥ ለዓመታት ሲጥር ቆይቷል። ይህ ከተሳካ ድንበሩ ይረጋል፤ ሜምፊስ መሬት ስታጠቃልል ትምህርት ቤቶቹ አብረው አይሄዱበትም። የራሱን ግብር የመጣል ሥልጣንም ሊያገኝ ይችላል። የሜምፊስ ቦርድ አባላት የፈሩት ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው፤ ዳርቻው የራሱ ግብር ካለው ለጋራው የካውንቲ ቋት መክፈሉን ለማስቀረት ይገፋል፣ ከተማዋም ብቻዋን ትቀራለች የሚል ስጋት ነበራቸው። በኖቬምበር 2010 ምርጫ የግዛቱ ምክር ቤትና የገዥው ወንበር በአንድ ፓርቲ እጅ ሲገባ፣ የ1982ቱ ክልከላ ሊነሣ ይችላል የሚለው ግምት በረታ።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ዲሴምበር 20 ቀን 2010 የሜምፊስ ቦርድ ቻርተሩን ለመመለስ 5 ለ 4 ድምፅ ወሰነ፤ ጉዳዩ ለከተማዋ መራጮች ሕዝበ ውሳኔ እንዲቀርብም ጠየቀ። በአንድ ድምፅ ብልጫ የተወሰነ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የዘጠኙ ሰዎች ክፍፍል በኋላ በሽግግሩ ቦርድ ውስጥም ተከትሏቸዋል።

ከዚህ በኋላ ሁለት ሩጫዎች ጎን ለጎን ሄዱ። አንደኛው በከተማው ምክር ቤት በኩል ነው። ቀድሞ የወጣ ለሜምፊስ ብቻ የሚሠራ ሕግ፣ ቦርዱ በከተማው ፈቃድ ቻርተሩን መመለስ እንደሚችል ይደነግጋል ተብሎ ስለታመነ፣ ምክር ቤቱ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2011 ርክክቡን አጸደቀ። በዚህ መንገድ ከሄደ የካውንቲው ቦርድ ትምህርት ቤቶቹን ወዲያው ይረከባል ማለት ነበር። ሁለተኛው ሩጫ በግዛቱ ምክር ቤት ነው። በማግስቱ፣ ፌብሩዋሪ 11፣ ገዥው ርክክቡን የሚመለከተውን የዓመቱን የመጀመሪያ ሕግ ፈረሙ። የካውንቲው ቦርድም በዚያው ቀን ርክክቡን ለማስቆም በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ።

ማርች 8 ቀን 2011 የሜምፊስ መራጮች ድምፅ ሰጡ። በወረቀቱ ላይ የነበረው ጥያቄ በመሠረቱ አንድ ነበር፦ የሜምፊስ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ወደ ካውንቲው የትምህርት ቦርድ ይተላለፍ ወይስ አይተላለፍ? 67 በመቶ ያህሉ ይተላለፍ አሉ። ስለ ግብር፣ ስለ ሕንፃ፣ ስለ ሠራተኛ፣ ስለ ስም አንዳች የተጠየቀ ነገር የለም። የድምፅ ወረቀቱ ለሜምፊስ ነዋሪዎች ብቻ ነው የቀረበው፤ ተቀባዩ ወገን፣ ማለትም ከሜምፊስ ውጭ ያለው መራጭ፣ አልተጠየቀም። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል፤ ልዩ ዲስትሪክት ራሱን ሲያስረክብ የሚጠየቀው የእርሱ መራጭ ብቻ ነው። ሕጋዊ መሆኑ ግን ቅያሜውን አላስቀረውም፤ «ሳንጠየቅ ተቀላቀልን» የሚለው ቃል በኋላ ለመውጣት የተደረገው ዘመቻ ሁሉ መፈክር ሆነ።

አዲሱ ሕግ ምን አለ

የፌብሩዋሪ 11ዱ ሕግ ሦስት ነገሮችን ደነገገ። ሰፋ አድርጌ የማቀርበው የጉዳዩ እምብርት እዚህ ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያው የመጠን መስፈርት ነው። ርክክቡ የካውንቲውን ዲስትሪክት የተማሪ ቁጥር በ100 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚያሳድግ ከሆነ ሕጉ ይሠራበታል። በ47,000 ላይ 103,000 ሲጨመር ዕድገቱ 219 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሜምፊስ በቀጥታ ገባችበት።

ሁለተኛው ቀኑ ነው። ሕዝበ ውሳኔው ከጸደቀ ርክክቡ ሥራ ላይ የሚውለው የምርጫው ውጤት ከተረጋገጠ በኋላ በሚመጣው ሦስተኛ ሙሉ የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ቆጠራው እንዲህ ነው፦ ድምፁ የተሰጠው በ2010/11 የትምህርት ዘመን አጋማሽ በመሆኑ ያ ዓመት አይቆጠርም። 2011/12 አንደኛው፣ 2012/13 ሁለተኛው፣ 2013/14 ሦስተኛው ነው። «ሙሉ» የሚለው ቃል ብቻውን ወራት ጨመረ። በዚህ ጊዜ ውስጥ 21 አባላት ያሉት የሽግግር ዕቅድ ኮሚሽን ዕቅድ ያወጣል። የካውንቲው ከንቲባና የሁለቱ ቦርዶች ሰብሳቢዎች አባል ናቸው፤ ሦስቱ እያንዳንዳቸው 5 ሰው ይሾማሉ፤ ገዥውና የሁለቱ የግዛት ምክር ቤቶች አፈ ጉባኤዎች አንድ አንድ ሰው ይጨምራሉ። ዕቅዱ ለግዛቱ የትምህርት ኮሚሽነር ይቀርባል።

ሦስተኛው በጥቂት መስመር የተጻፈ ቢሆንም ከሁሉም ከባዱ ነው። ርክክቡ ሥራ ላይ ከዋለበት ቀን ጀምሮ፣ አዲስ የከተማና አዲስ ልዩ ዲስትሪክት እንዳይቋቋም የሚከለክሉት የ1998 እና የ1982 ገደቦች በዚያ ካውንቲ ውስጥ አይሠሩም ይላል።

በእኔ ግምት የሁለት ዓመት ዝግጅት መደረጉ ትክክል ነበር። 150,000 ተማሪ ያለበት ዲስትሪክት በአንድ ክረምት አይዋሃድም፤ የደመወዝ መዝገብ፣ የአውቶቡስ መስመር፣ የልዩ ፍላጎት ተማሪዎች ፋይል፣ የምግብ አቅርቦት ውል፣ ሁሉም ጊዜ ይፈልጋል። ስሕተቱ ዝግጅቱንና መውጫውን በአንድ ሕግ ማሰሩ ነው። ዳርቻዎቹ ያንን ጊዜ ለውህደት ሳይሆን ለመለየት መዘጋጃ አደረጉት። አማካሪ ቀጠሩ፣ አዋጭነት አስጠኑ፣ ግብር ለመጨመር መራጮቻቸውን ጠየቁ። እንዲህ በማድረጋቸው የጣሱት ሕግ የለም፤ ሕጉ ራሱ የጋበዛቸው ነገር ነው።

ፍርድ ቤቱ

ኦገስት 8 ቀን 2011 የፌዴራል ዳኛው ርክክቡ ሕጋዊ መሆኑን፣ የሚመራውም በአዲሱ ሕግ የጊዜ ሰሌዳ መሆኑን ወሰኑ። በዚሁ ውሳኔ ብዙ ሰው ያላሰበው ነገር ተነሣ። የካውንቲው ቦርድ 7 አባላት የተመረጡት ከሜምፊስ ውጭ ባሉ መራጮች ብቻ ነበር። የሜምፊስ ትምህርት ቤቶች በዚህ ቦርድ ሥር ሲገቡ የሜምፊስ ነዋሪ ባልመረጠው አካል ይተዳደራል፤ ይህም የእያንዳንዱ መራጭ ድምፅ እኩል ክብደት ይኑረው ከሚለው የሕገ መንግሥት መርሕ ጋር ይጋጫል።

መፍትሔው በተከራካሪዎች ስምምነት በወጣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ መጣ። በኦክቶበር 2011 ሥራ የጀመረ 23 አባላት ያሉት አንድ የጋራ ቦርድ ተቋቋመ፤ 9 ከሜምፊስ ቦርድ፣ 7 ከካውንቲው ቦርድ፣ 7 ደግሞ የካውንቲው ምክር ቤት የሾማቸው። የመጨረሻዎቹ 7 ወንበሮች መላውን ካውንቲ በእኩል የሚከፋፍሉ ሲሆኑ በኦገስት 2012 ምርጫ ተደረገባቸው። ነባሮቹ 16 አባላት በሴፕቴምበር 2013 ወጥተው ቦርዱ 7 ብቻ ቀረ።

የሠራውና ያልሠራው

የሠራው ነገር የሚናቅ አይደለም። ጁላይ 1 ቀን 2013 ዲስትሪክቱ በአንድ ስም፣ በአንድ የደመወዝ መዝገብና በአንድ ቦርድ ሥራ ጀመረ፤ በኦገስት ተማሪዎች ገቡ። የመምህራን መብትም በሕግ የተጠበቀ ነበር። የቴነሲ ሕግ የዲስትሪክት አወቃቀር በመቀላቀል፣ በመዋሃድ ወይም በመሰል መንገድ ሲለወጥ የነባር መምህራን መብትና ጥቅም ሊቀነስ ወይም ሊቋረጥ እንደማይችል ይደነግጋል። የዕቅድ ኮሚሽኑም 172 ምክረ ሐሳቦች ያሉበትን ሰነድ በ2012 አቀረበ።

ያልሠራው የሚጀምረው ከዚያ ሰነድ ነው። ኮሚሽኑ ዕቅድ ያወጣል እንጂ አይወስንም፤ የሚወስነው 23 ሰው ያለበት ቦርድ ነው። ቦርዱ ደግሞ አንድ ቀን ተሰብስቦ ትምህርት ቤት መዝጋት፣ ሌላ ቀን የሠራተኛ ውል፣ ሌላ ቀን የሱፐርኢንተንደንት (የዲስትሪክቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ) ቅጥር ላይ ይነታረካል። ሥራው ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ብዙዎቹ ምክረ ሐሳቦች አልተወሰኑም ነበር። የሁለቱም ዲስትሪክቶች ሱፐርኢንተንደንቶች በ2013 መጀመሪያ ወራት ከኃላፊነት ለቀቁ፤ በጊዜያዊነት የተተኩት የሕግ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። በመጨረሻ ዳኛው ሥራውን የሚያጣድፍ ልዩ ባለሙያ ከፍርድ ቤቱ በኩል ሾሙ።

የገንዘቡ ጉዳይ ከዚህም የባሰ ነው። የሜምፊስ ከተማ ለዲስትሪክቱ በየዓመቱ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትከፍል ነበር። ዲስትሪክቱ ሲፈርስ ይህ ግዴታ አብሮ ቀረ፤ የተማሪዎቹ ቁጥር ግን አልቀነሰም። ብዙ ሰው ውህደት ወጪ ይቀንሳል ብሎ ያስባል። ሁለት ዋና መሥሪያ ቤት አንድ ሲሆን የሚተርፍ ገንዘብ አለ፤ ነገር ግን የአንዱ ወገን ደመወዝ ከፍ ያለ ከሆነና የማንም ደመወዝ በሕግ የማይቀነስ ከሆነ እኩል ማድረግ የሚቻለው ዝቅተኛውን ከፍ በማድረግ ብቻ ነው። የጋራ ቦርዱ በ2013 መጀመሪያ ካውንቲውን 145 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ጠየቀ፤ ያገኘው የዚያን ጥቂቱን ነው። ከዚህ በተጨማሪ ከተማዋ በ2008 ከቆረጠችው ድጎማ የተነሣ የ57 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ክርክር ነበረባት፤ ጉዳዩ ከውህደቱ በኋላም ወደ አዲሱ ዲስትሪክት ተሻገረ። የፈረሰ ዲስትሪክት ያልተከፈለው መብት ለወራሹ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ሲዋሃዱ የሚቆጠረው ዕዳ ብቻ ሳይሆን በሌሎች ላይ ያለ ይገባኛልም ጭምር መሆን አለበት።

ስድስቱ ከተሞች እንዴት ወጡ

አርሊንግተን፣ ባርትሌት፣ ኮሊየርቪል፣ ጀርመንታውን፣ ሌክላንድ እና ሚሊንግተን የውህደቱን ቀን መጠበቅ አልፈለጉም። በ2012 የግዛቱ ምክር ቤት ከውህደቱ በፊት ሕዝበ ውሳኔ እንዲያካሂዱ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ኦገስት 2 ቀን 2012 ድምፅ ሰጥተው አጸደቁ፤ በኖቬምበር የቦርድ አባላትም መረጡ።

ኖቬምበር 27 ቀን 2012 ዳኛው ያን ሕግ ሻሩት፤ ምርጫዎቹም አብረው ወደቁ። ምክንያቱ ለማንኛውም ሕግ አርቃቂ ትምህርት ነው። የቴነሲ ሕገ መንግሥት አንድን ካውንቲ ብቻ የሚመለከት ሕግ ያለ አካባቢው ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክላል። ሕጉ የሼልቢን ስም አልጠራም፤ ግን መስፈርቶቹ ተደራርበው የሚገጥሙት ለሼልቢ ብቻ ነበር። የግዛቱ ጠበቆች ጊብሰንና ካሮል ለተባሉ ገጠራማ ካውንቲዎችም ሊሠራ ይችላል ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ በእነዚያ ካውንቲዎች ሁኔታ ሕጉ በተጨባጭ ሊሠራ እንደማይችል ስላመነ ክርክሩን አልተቀበለም።

በኤፕሪል 2013 የግዛቱ ምክር ቤት አቋራጩን ትቶ የ1998ቱን ክልከላ በመላው ግዛት አነሣ። ጁላይ 16 ቀን 2013፣ ውህደቱ ሥራ ላይ ከዋለ በ15 ቀኑ፣ ስድስቱ ከተሞች እንደገና ድምፅ ሰጥተው በሰፊ ልዩነት አጸደቁ። በኖቬምበር ቦርዶቻቸውን መረጡ። በኦገስት 2014 ወደ 30,000 ገደማ ተማሪዎችን ይዘው ትምህርት ጀመሩ።

ሕንፃዎቹ ግን የካውንቲው ዲስትሪክት ንብረት ነበሩ። ዳርቻዎቹ «በግብራችን ስለሠራናቸው በነፃ ይሰጡን» አሉ። ዲስትሪክቱ በበኩሉ ለጡረተኞች የገባው የጤና መድን ግዴታ ከሕንፃዎቹ ጋር ካልተካፈለ በቀሩት ተማሪዎች ላይ እንደሚወድቅ አስረዳ። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ማሰሩ ትልቅ የድርድር ብልኃት ነበር። እያንዳንዱ ከተማ ለ12 ዓመታት ዓመታዊ ክፍያ ለመፈጸም ተስማማ፤ በምላሹ ሕንፃዎቹን ተረከበ፣ አዲሶቹ ዲስትሪክቶች የዘር መለያየትን ያመጣሉ የሚለው የቀረው ክስም ተቋረጠ። የጀርመንታውን ድርሻ በዓመት 355,453 ዶላር ነበር፤ በ12 ዓመት 4.27 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል። ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግንባታ እንኳ የማይበቃ ገንዘብ ነው። ሕንፃ ለተረከበ ከተማ ዋጋው ቀላል ነበር፤ ጡረታ የወጡ መምህራንን የጤና መድን በቀሩት ተማሪዎች ጫንቃ ላይ ብቻ ከመጣል ግን ይሻላል።

ለሌላ ውህደት የሚወሰድ

ዲስትሪክት ለማዋሃድ የሚያስብ ቦርድ፣ የአካባቢ ምክር ቤት ወይም የወላጅ ኮሚቴ መጀመሪያ ሊያነብ የሚገባው የመዋሃጃውን ሳይሆን የመውጫውን አንቀጽ ነው። ከውህደት በኋላ አዲስ ዲስትሪክት ማቋቋም የሚችል ማን ነው፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ በማን ድምፅ፣ የሚወጣው ወገን ምን ይዞ ይወጣል የሚሉት ካልተመለሱ ውህደቱ ገና አልተወሰነም። በሼልቢ የሜምፊስ መራጮች የመረጡት አንድ ዲስትሪክት ነበር፤ ውህደቱ ሥራ ላይ በሚውልበት ቀን የመውጫው በር እንደሚከፈት ግን በድምፅ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።

የተቀባዩን ወገን መራጭ አለመጠየቅ በሕግ ሊፈቀድ ይችላል። ቢሆንም የሁለቱንም ወገን ድምፅ ለየብቻ መቁጠር፣ ወይም ቢያንስ በተቀባዩ በኩል ሕዝባዊ ችሎት ማካሄድ፣ የሚጠይቀው ጊዜ በኋላ በፍርድ ቤት ከጠፋው ጊዜ ያነሰ ነው።

የቦርድ ውክልና የመጀመሪያ ቀን ሥራ ነው። የምርጫ ክልሉ ካርታ ከውህደቱ ጋር አብሮ ካልተሣለ ፍርድ ቤት ይሥለዋል። የሽግግር ቦርድ ሁለቱን ነባር ቦርዶች እንዳሉ ደምሮ ከተሠራ የውሳኔ ቀነ ገደብና ቀነ ገደቡ ሲያልፍ የሚወስን አካል በሰነዱ ላይ ሊጻፍለት ይገባል። የዕቅድ ኮሚሽን ያወጣውም ዕቅድ «በዚህ ቀን ውድቅ ካልተደረገ ሥራ ላይ ይውላል» የሚል አንቀጽ ቢኖረው፣ 172 ምክረ ሐሳብ ጠረጴዛ ላይ ተከምሮ አይቀርም ነበር።

በገንዘቡ በኩል አራት መዝገቦች ከድምፅ አሰጣጡ በፊት መከፈት አለባቸው። ከሚፈርሰው ዲስትሪክት ጋር አብሮ የሚጠፋ ድጎማ፣ የደመወዝ ስኬሎቹ ልዩነት፣ ለጡረተኞች የተገባ የጤና መድንና ሌላ ግዴታ፣ ከዚያም ያልተከፈለ ዕዳና ይገባኛል። በተለይ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ግብር ጣይ የሆነ አካል ከሥራው ሲወጣ ግዴታው ወዲያው ይቆማል እንጂ ቀስ በቀስ አይቀንስም።

የድንበር ጉዳይም እንዲሁ። ጀርመንታውን ሲወጣ በስሙ የሚጠሩት ሦስት ትምህርት ቤቶች፣ የአንደኛ ደረጃው፣ የመካከለኛውና የሁለተኛ ደረጃው፣ በካውንቲው ዲስትሪክት እጅ ቀሩ። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ከጀርመንታውን ድንበር ውጭ የሚኖሩ ስለነበሩ ዲስትሪክቱ ሊለቃቸው አልፈለገም። ስለዚህ ሕንፃው በአንዱ ዲስትሪክት መሬት ላይ ቆሞ የሚያስተዳድረው ሌላው ሆነ። በዚያ ሁኔታ ስምንት ዓመታት አለፉ። በ2022 የግዛቱ ምክር ቤት አንድ ዲስትሪክት በሌላው ድንበር ውስጥ ትምህርት ቤት እንዳያስተዳድር የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ ሁለቱ ወገኖችም እንደገና ለድርድር ተቀምጠው በዚያው ዓመት መጨረሻ ተስማሙ።